የሲጋራ ሽታ ከቤት የሚወጣው በዕጣን ሳይሆን በማጠብ ነው



ቤት ተከራይቶ ለገባ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቤቱን ሊያይ የሄደው ጠዋት ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉም ተወልውሏል። ዕቃ ገብቶ፣ መጋረጃ ተሰቅሎ ሁለት ሦስት ቀን ሲያልፍ ግን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን ሲመታው ወይም ወጥ ተጥዶ ክፍሉ በእንፋሎት ሲሞላ፣ የቆየ የሲጋራ ሽታ ብቅ ይላል። ከገቡት ሰዎች መካከል የሚያጨስ የለም። ያጨስ የነበረው የቀድሞው ተከራይ ነው፤ እሱ ከወጣ ወር አልፎታል። ሽታው ግን አብሮት አልወጣም።

በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን የምናደርገው ይታወቃል። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ወይም ዑድ ይጨሳል። ሽታው ለአንድ ለሁለት ሰዓት ይሸፈንና ማታ ይመለሳል። በማግስቱም እንደገና ይጨሳል። በዚህ ጽሑፍ ሽታው ለምን እንደሚመለስ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ጉዳዩ ለምን ከሽታ በላይ እንደሚሆን፣ እንዲሁም በቀላሉ በሚገኙ ነገሮች እንዴት እንደሚወገድ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሽታው ያለው የት ነው?

የሲጋራ ጭስ አየር ብቻ አይደለም። ጋዝም አለበት፣ እጅግ የደቀቁና የሚያጣብቁ ቅንጣቶችም አሉበት። በጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች እንደሚገኙ፣ ከነዚህም 70 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ መሆናቸው በሳይንስ የታወቀ ነው። ጭሱ ከዓይናችን ሲሰወር የጠፋ ይመስለናል። አብዛኛው ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ታር የሚባለው ዝፍት መሰል ቡናማ ነገርና ኒኮቲን በግድግዳ፣ በኮርኒስ፣ በመጋረጃ፣ በምንጣፍ፣ በፍራሽና በአምፖል ላይ ሳይቀር ያርፋሉ። ለዓመታት በተጨሰበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ሲወርድ ከኋላው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን የሚታየው ለዚህ ነው። ነጣ ያለው የግድግዳው እውነተኛ ቀለም ነው፤ በዙሪያው ያለው ቢጫ ደግሞ የጭሱ ቅሪት ነው።

ይህ ቅሪት እንደ ደረቀ ቀለም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሙቀትና እርጥበት ባገኘ ቁጥር ከፊሉ እየተነነ ወደ አየር ይመለሳል። ጠዋት ደህና የነበረው ክፍል በቀትር ወይም ክረምት ሲገባ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። መስኮት መክፈት አየሩን ይቀይራል፤ የሽታው ምንጭ ግን ግድግዳውና ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ስላለ መስኮቱ ሲዘጋ ክፍሉ ቀስ በቀስ እንደገና ይሸታል።

አፍንጫችንም ያሳስተናል። አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ከቆየን በኋላ አፍንጫ ይላመደውና አይነግረንም። ስለዚህ «አሁን ለቀቀ» ለማለት የራሳችን አፍንጫ በቂ ምስክር አይደለም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ይሻላል።

ከሽታ በላይ የሆነው ጉዳይ

ሌላ ሰው የሚያጨሰውን አብሮ መተንፈስ እንደሚጎዳ ብዙ ተነግሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች ይሞታሉ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ግን ብዙም አይወራለትም። ሲጋራው ጠፍቶ፣ አጫሹም ሄዶ፣ በዕቃና በግድግዳ ላይ የሚቀረው ቅሪት በእንግሊዝኛው አጠራር «ሦስተኛ እጅ ጭስ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በዕቃ ላይ ያረፈ ኒኮቲን ከመኪና ጭስና ከጋዝ ምድጃ ከሚወጣ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካንሰር አምጪ የሆኑ አዳዲስ ውህዶች እንደሚፈጠሩ አሳይተዋል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በካሊፎርኒያ የሳንዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጫሾች የለቀቋቸውንና የማያጨሱ ሰዎች የገቡባቸውን ቤቶች መርምረው ነበር። ቤቶቹ ጸድተውና ለሁለት ወር ያህል ባዶ ቆይተው እንኳ በአቧራውና በግድግዳው ላይ ኒኮቲን ተገኝቷል፤ በአዲሶቹ ነዋሪዎች ጣት ላይም ጭምር።

መጠኑ ከሚጨስ ሲጋራ አጠገብ ተቀምጦ ከመተንፈስ ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው። የሚያሳስበው ለሕፃን ነው። ሕፃን ወለሉ ላይ ይድሃል፣ የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ ይልቅ ብዙ አየርና አቧራ ያስገባል። ለእኛ ሽታ ብቻ የሆነው ለእሱ በእጁ የሚያነሳው ነገር ነው።

ሽታው የሚከተለው ጣጣም አለ። አስተማሪ ሳለሁ ልብሱ ሁልጊዜ ሲጋራ ሲጋራ የሚል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ጓደኞቹ «ያጨሳል» እያሉ ይሸሹት፣ አጠገቡ መቀመጥም ይጠሉ ነበር። ልጁ ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ አባቱ ማታ ማታ እዚያው ያጨሳል፤ የልጁ ዩኒፎርምም እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። የነገሩን ምንጭ ያወቅነው እናቱን አስጠርተን ስናነጋግር ነው። እሷም ልጁ ራሱም ሽታውን ለምደውት ጭራሽ አይሰማቸውም ነበር።

ዕጣኑስ?

ዕጣን፣ ሰንደልና ዑድ ደስ የሚል ሽታ አላቸው፤ ንጹሕ ቤት ላይ ሲጨሱ ያምራሉ። የሲጋራን ቅሪት ግን አያነሱም። እንዲያውም እነሱም ጭስ ናቸው፤ የራሳቸውን ደቃቅ ቅንጣት በዚያው ግድግዳና ጨርቅ ላይ ይጨምራሉ። የሚረጩ መዓዛዎችም እንዲሁ ሌላ ሽታ ከላይ ይደርባሉ እንጂ የታችኛውን አይነኩም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ከሰል ሽታ ይስባል» የሚባለው ላልተቀጣጠለ ከሰል ነው፤ እሱም የሚስበው በጥቂቱ ነው። የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሽታ ለማባረር ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

የሰሃን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ነጭ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሁለት ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅና ጓንት ይበቃል። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ለኬክ የሚገባው ፓውደር ስታርችና አሲድ ስለተደባለቀበት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እዩ።

ሳሙናና አቼቶ ለየብቻቸው ሥራ አላቸው። ታር ቅባትነት ስላለው የሚያላቅቀው ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው። ኒኮቲን ደግሞ በባሕርዩ ቤዝ ስለሆነ እንደ አቼቶ ያለ አሲድ ሲያገኘው በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ አብሶ፣ ቀጥሎ እኩል በእኩል በውሃ በተቀጠነ አቼቶ ማበስ ነው። ሁለቱን በአንድ ባልዲ መቀላቀል አንዱ የሌላውን ኃይል እንዲቀንስ ያደርጋል።

በረኪናን በዚህ ሥራ ውስጥ አታስገቡት። ታርን አያሟሟም። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር መቀላቀሉም እንዲሁ አደገኛ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። የታጠበ መጋረጃ ያልታጠበ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ሽታውን መልሶ ይጠጣልና።

መጀመሪያ ጨርቅ የሆነውን ሁሉ አውጡ። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የመጅሊስ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስና መስገጃ ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች ወይም በርና መስኮት አብረው ይከፈቱ፤ አንድ መስኮት ብቻ ከመክፈት ይልቅ አየሩ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ኮርኒሱን እጠቡ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ ትልቁ ቅሪት ያለው እዚያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ግድግዳ አጥቦ ኮርኒሱን ይተወዋል። የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ከሆነ አውርዶ ማጠብ ወይም በአዲስ መቀየር ይሻላል። ችፑድ ከሆነ ውሃ ስለሚያሳብጠው በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ይታበስ።

ሦስተኛ፣ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ውሃ ደረቁ ግድግዳ ላይ ወርዶ መስመር ያወጣል፤ መስመሩም በቀላሉ አይለቅም። ውሃው ቢጫ ሲሆን ቀይሩት፤ አለበለዚያ ቅሪቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ብቻ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ማብሪያና ሶኬት አካባቢ ስትደርሱ ቆጣሪው ይጥፋ፤ ጨርቁም እርጥበት ብቻ ይኑረው። የጭቃ ቤት ከሆነና ኖራ የተቀባ ከሆነ ማጠብ አይቻልም። በደረቅ ብሩሽ አሮጌውን ኖራ አራግፎ እንደገና መቀባት ነው መፍትሔው።

አራተኛ፣ የሚረሱትን ትንንሽ ነገሮች አስታውሱ። አምፖል ሲበራ ስለሚሞቅ በላዩ ያለው ቅሪት ሽታ ይለቃል፤ አጥፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ አውልቆ ማበስ ነው። የበር እጀታ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የቁም ሳጥን ውስጥና ጀርባ፣ የቴሌቪዥን ጀርባ፣ ቬንትሌተር ካለም ክንፎቹ ይታበሱ። የቬንትሌተር ክንፍ ሳይጸዳ ቢበራ ሽታውን ለቤቱ ሁሉ ያከፋፍላል።

አምስተኛ፣ ወለሉ በመጨረሻ ይታጠብ፤ ከላይ የወረደው ሁሉ ያረፈው እዚያ ነውና።

ልብስ፣ ምንጣፍና ፍራሽ

የሚታጠበውን ሁሉ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ ጨምሩ። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ አብሮ ይጠፋል። ፀሐይና ነፋስ ባለበት አስጡ። ደርቆ አሁንም ከሸተተ እንደገና ይታጠብ እንጂ ወደ ቁም ሳጥን አይግባ፤ ሌላውን ልብስ ያዳርሳል።

ምንጣፍ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በስሱ ነስንሳችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በደንብ አራግፉት ወይም በቫክዩም አንሱት። ዱቄቱ ላይ ሕፃን እንዳይድህበት ክፍሉ ይዘጋ። ሽታው ከባድ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። መስገጃዎችን ግን ነስንሶ ከማራገፍ ማጠብ ይሻላል። በሱጁድ ጊዜ ፊታችንና አፍንጫችን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ ጨርቅ ለአፍንጫችን ይህን ያህል አይቀርብም።

የጥጥ ፍራሽ ዕድለኛ ነው። ተተርትሮ፣ ልብሱ ታጥቦ፣ ጥጡ ፀሐይ ላይ ውሎና እንደገና ተነድፎ መሰፋት ይችላል። የስፖንጅ ፍራሽና የመጅሊስ ስፖንጅ ግን ጭሱን እስከ ውስጥ ይጠጣል። ልብሱን አውጥቶ ማጠብ፣ ስፖንጁን በሁለቱም በኩል ለቀናት አየር ላይ ማዋልና ቤኪንግ ሶዳ መነስነስ ይቀንሰዋል። ለዓመታት አጫሽ የተኛበት ከሆነ ግን ከመታገል መቀየሩ ያዋጣል፤ በተለይ ልጅ የሚተኛበት ከሆነ።

ቁርኣንና ኪታቦች በውሃ አይታበሱም። ጥላና ነፋስ ባለበት ገጾቻቸውን ገለጥ አድርጎ ማቆየት፣ ከዚያ ክዳን ባለው ንጹሕ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ አጠገባቸው በክፍት ሰሃን ቤኪንግ ሶዳ ማድረግ ነው። ዱቄቱ ኪታቡን መንካት የለበትም። ከሳምንት በኋላ ለውጡ ይታወቃል።

ቀለም መቀባትስ?

ቀለም የመጨረሻው እርምጃ ነው። ሳይታጠብ የተቀባ ግድግዳ ለጥቂት ሳምንታት አዲስ ይመስላል፤ ከዚያ ቢጫው በውሃ ቀለሙ ውስጥ እያለፈ ይወጣል፤ ሽታውም ይከተላል። መግቢያው ላይ ያነሳነው አዲስ የተቀባ ቤት የሚሸተው ለዚህ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ በመጀመሪያ ዘይት ነክ ፕራይመር መቀባት፣ ከዚያ የፈለጉትን ቀለም ማስከተል ነው። ፕራይመሩ የቀረውን ቅሪት ከሥር ያሽገዋል። ለቀለም ሠራተኛው «እድፍ እንዳያሳልፍ ነው የምፈልገው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። የዘይት ቀለም የራሱ ከባድ ሽታ ስላለው እስኪደርቅና አየር እስኪያገኝ ድረስ ክፍሉ ውስጥ አይተኛ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ደግሞ ፈጽሞ አይቅረቡ።

መልቀቁን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ነጭ ጨርቅ በአቼቶ አርሶ ግድግዳውን ማሸት ነው፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ከወጣ ገና ነው። ሁለተኛው በርና መስኮት ዘግቶ ለግማሽ ቀን ከቤት ወጥቶ፣ ሲመለሱ በሩን እንደከፈቱ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ማስተዋል ነው።

አጫሹ የቤተሰብ አባል ከሆነ

እስካሁን የተነጋገርነው አጫሹ ስለወጣበት ቤት ነው። አባት፣ ባል ወይም ወንድም ዛሬም ቤት ውስጥ የሚያጨስ ከሆነ፣ ወይም በየሳምንቱ በተዘጋ ክፍል በርጫ ተይዞ ሲጋራ የሚጨስ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ልፋት ሁሉ ወንዝ ዳር ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ ማብቂያ የለውም። መስኮት ከፍቶ ማጨስ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ማጨስ፣ ልጆቹ ሲተኙ ማጨስ ጭሱን ከቤቱ አያስወጣውም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸውና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። በየቤታችን ግን ደንቡን የምናወጣው እኛው ነን።

ስለ ሲጋራ ሸሪዓዊ ብይን ዑለሞች ብዙ ተናግረዋል፤ እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን ማስታወስ ይበቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት በጥሬው የበላ ሰው ሽታው ሌሎችን እንዳያስቸግር ወደ መስጂድ ከመቅረብ እንዲቆጠብ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሽንኩርት ሐላል ምግብ ነው፤ ሽታውም በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ከጎን የሚሰግድ ሰው ይህን ያህል ከታሰበለት፣ አብሮን የሚተኛው ልጅ ይበልጥ ሊታሰብለት ይገባል።

አባትን ወይም ታላቅ ወንድምን በሰው ፊት «ሸተትክ» ማለት ግን ነገሩን ያበላሻል። ብቻውን ሲሆን፣ ሳይናደድ፣ ስለ እሱ ጥፋት ሳይሆን ስለ ልጁ ብታነሱለት ይሰማል። «አባዬ፣ ትንሹ መዳህ ጀምሯል፤ ሲጋራውን ግቢ ውስጥ ብታደርግልን» የሚለው ቃል ከብዙ ክርክር ይበልጣል። ቤት ውስጥ የመተርኮሻ ሰሃን አይኑር፤ ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ያለ ቦታ ላይ አንድ ወንበር ይቀመጥለት። ሲያጨስ የሚደርበው አንድ ጃኬት ይኑረው፤ በር ላይ ያውልቀው። ሕፃኑን ከማቀፉ በፊት እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ። ብዙ አጫሾች ለእያንዳንዱ ሲጋራ ተነሥተው መውጣት ሲጀምሩ ቁጥሩ በራሱ እየቀነሰ መሄዱን ያስተውላሉ፤ ለማቆምም መንገድ ይሆናል።

ቤት ልትከራዩ ለምትሄዱ ደግሞ ይህችን ያዙ። ቤቱን ጠዋት ብቻ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ እዩት። ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳና የኮርኒሱን ማዕዘን በረጠበ ነጭ ሶፍት ጠረግ አድርጉ። ቢጫ ከወጣ ኪራዩን ከመስማማታችሁ በፊት ለአከራዩ አሳዩትና ማጠቢያውንና ቀለሙን ማን እንደሚችል ያኔውኑ ተነጋገሩ። ዕቃ ከገባና መጋረጃ ከተሰቀለ በኋላ ሥራውም ወጪውም የእናንተ ነው።